«ሞታለች» የተባለች ካፕቸር ካርድ እኔ ጋ ስትመጣ ለምን ትነሣለች?

መሳቢያዬ ውስጥ አራት ካፕቸር ካርዶች አሉ። አራቱም «ሞተዋል» ተብለው ነው የመጡት። ሦስቱ ይሠራሉ።

ለማያውቃት ሰው፣ ካፕቸር ካርድ ማለት የካሜራን ወይም የድሮ ቪዲዮ ዴክን ምስል ተቀብላ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ፣ ፍላሽ የምታክል ዕቃ ናት። ባሕር ዳር ውስጥ አሁን አሁን ሠርግ የሚቀርጽ ሰው ቦርሳው ውስጥ አንዷን አያጣም። ጥር ሲገባ የሙሽራዋ አክስት አሜሪካ ናት፣ ወንድሟ ዱባይ ነው፣ አጎቷን ደግሞ ሥራ አዲስ አበባ አስቀርቶታል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው። «ላይቭ አለ ወይ?»

አለ ይባላል። ካሜራው በካርዷ በኩል ከላፕቶፑ ጋር ይገናኛል፣ ኦቢኤስ የሚባለው የላይቭ ማሰራጫ ፕሮግራም ይከፈታል፣ ቤት ውስጥ ተሞክሮ በሰላም ይታደራል። ሐይቁ ዳር ያለው አዳራሽ ሲደረስ ግን ካርዷ አትታይም። ወይም ትታይና ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ምስሉ ቀጥ ይላል። ቪዲዮ ማኑ ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ይነፋባታል። (መንፋት ምን እንደሚጠቅም አላውቅም። እኔም እነፋለሁ።) በነጋታው «ካርዷ ሞተች» ተብሎ ሌላ ይገዛል። ሁለተኛዋም ወር ሳይሞላት ትሞታለች።

እነዚህን ሙታን እየተቀበልኩ አንድ ነገር ታዝቤያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው ካርዷ የምትሄድበት መንገድ ነው። ፖርቱ (የምትሰካበት ቀዳዳ)፣ ገመዱ፣ ሃቡ (አንዱን ፖርት ለብዙ ዕቃ የሚያከፋፍለው)፣ ወደ እሷ የሚደርሰው ኃይል። አዲስ ካርድ ገዝቶ በዚያው ሃብ፣ በዚያው ገመድ የሚሰካ ሰው ጎማው የተነፈሰ ባጃጅ ላይ ሹፌር እንደሚቀይር ነው።

ስሟ ይታያል?

ሰው ደውሎ «አይሠራም» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንን ነው። ስትሰካት ዊንዶውስ ያችን «ቱ-ዱን» የምትል ድምፅ ያሰማል? ዊንዶውስ የተሰኩለትን ዕቃዎች በሚዘረዝርበት መስኮት፣ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ፣ ካሜራዎች ከሚዘረዘሩበት ቦታ ስሟ ይወጣል?

ስሟ ከወጣ ኮምፒውተሩና ካርዷ ተዋውቀዋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጥቁር ምስል ካያችሁ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልጉ። ዙም ወይም ብራውዘር ቀድሞ ይዟት ሊሆን ይችላል፤ ዊንዶውስ ላይ በተለምዶ አንድን ካሜራ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ፕሮግራም ነው። የፕራይቬሲ ሴቲንጉ ውስጥ የካሜራ ፈቃድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ካፕቸር ካርድ በዊንዶውስ ዓይን ካሜራ ናትና። ካሜራችሁ ራሱ በኤችዲኤምአይ ምስል እያወጣ ላይሆን ይችላል። የሰካችሁት ዲኮደር ወይም ጌም ከሆነ ደግሞ ኤችዲሲፒ የሚባለው የቅጂ መከላከያ ሆን ብሎ ያጠቁረዋል። በአንድ አንቀጽ የማልፋቸው እያንዳንዳቸው የሁለት ደቂቃ ሥራ ስለሆኑ ነው።

ስሟ ካልወጣ፣ ወይም ወጥቶ ከጠፋ፣ ወይም ቢጫ ምልክት ይዞ ከወጣ ነገሩ የዩኤስቢ ነው። ስሟ ኖሮ ምስሉ የሚንቀረፈፍ ከሆነም እንደዚያው። ያደከመኝም ገንዘብ የሚያስወጣውም ይህኛው ነው።

ሰማያዊው ፕላስቲክ

የመጀመሪያዋን ካርድ ያመጣት ልጅ ሠርግ ሲቀርጽ ጎበዝ ነው። «ጋሼ፣ 3.0 ናት ብለው ነው የሸጡልኝ። ምስሉ ግን እንደ ስላይድ ነው የሚሄደው» አለኝ። 3.0 ያለው ፈጣኑን የዩኤስቢ ትውልድ ነው፤ ቀርፋፋው የድሮው 2.0 ነው። አየሁት፤ እውነቱን ነው። ሰው እጁን ሲያወዛውዝ እጁ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ይዘላል። በሴኮንድ 5 ፍሬም ብቻ ነበር የምታስገባው።

የካርዷን አፍ ወደ መብራት አዞርኩት። ፕላስቲኩ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ ስናይ ሁላችንም «3.0» ብለን ነው የምናነበው። ነገር ግን የ3.0 መሰኪያ 9 ንክኪ ነው ያለው። አራቱ የድሮዎቹ ሰፋፊዎቹ ናቸው፣ አምስቱ ደግሞ ገባ ብለው በሁለተኛ ረድፍ ይገኛሉ። መነጽሬን አድርጌ ቆጠርኩ። አራት። አምስቱ የሉም። ካርዷ 2.0 ናት። ሰማያዊው ለውበት ነው።

ልጁ ሻጩን ሊጣላ ተነሣ። ተው አልኩት። ሻጩም ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበለት። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሃርድዌር መለያዋን ብትከፍቱ 2109 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። ኤምኤስ2109 የሚባለው ቺፕ ነው። የብዙ ርካሽ ኤችዲኤምአይ ካርዶች ልብ እሱ ነው፣ የተሠራውም ለ2.0 ነው። የካርዷ ቅርፊት ግን እንደ አምራቹ ፈቃድ ሰማያዊም ይሆናል፣ ጥቁርም ይሆናል። ስሞቹም አያግዙም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 በኋላ «3.1 ጄን 1» ተባለ፣ ደግሞ «3.2 ጄን 1» ተባለ። ፍጥነቱ ያው 5 ጊጋቢት ነው። ስም አወጣጡን ያየ ሰው ሦስት ጊዜ ክርስትና የተነሣ ልጅ ነው የሚመስለው።

ታዲያ ለምን 5 ፍሬም? ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ሙሉ ኤችዲ ፍሬም 1920 በ1080 ነጥብ አለው። ወደ 2.07 ሚሊዮን። ሳይታመቅ ሲላክ፣ ኦቢኤስ ላይ ዋይዩዋይ2 በሚለው ምርጫ፣ እያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት ይወስዳል። በሴኮንድ 30 ፍሬም ከሆነ 995 ሚሊዮን ቢት ይመጣል። 60 ከሆነ ወደ 2 ቢሊዮን። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ እንኳ ከ480 ሚሊዮን አያልፍም። ዓባይን በጭልፋ የሚባለው ይኼ ነው።

ከ480ውም ላይ ሁሉም ለቪዲዮ አይደርስም። ቪዲዮ በዩኤስቢ የሚጓዘው እንደ ፋይል አይደለም። ፋይል ወደ ፍላሽ ስትገለብጡ አንድ ቁራጭ መንገድ ላይ ቢበላሽ ኮምፒውተሩ «ድገምልኝ» ይላል። ትንሽ ይዘገያል እንጂ ፋይሉ ሳይጎድል ይደርሳል። ብዙዎቹ የ2.0 ካፕቸር ካርዶች ግን ቀድመው ወንበር አስይዘው ነው የሚጓዙት። ወንበሩ ይጠበቅላቸዋል። መንገድ ላይ የወደቀው ግን አይደገምም፤ ያለፈ ፍሬም ዘግይቶ ቢመጣ ምን ይሠራል? በዚህ ዓይነት ጉዞ አንዲት ካርድ በ2.0 መስመር ላይ ልታስይዝ የምትችለው ቢበዛ 196 ሚሊዮን ቢት በሴኮንድ ነው። አሁን 5 ፍሬሙን እናስላ። 166 ሚሊዮን ቢት። ልክ ገባ። ካርዷ በተሰጣት ወንበር ልክ ነበር የሠራችው።

መድኃኒቱ አዲስ ካርድ አይደለም። ኦቢኤስ ውስጥ የካፕቸሩን ሴቲንግ ከፍታችሁ የቪዲዮ ፎርማቱን ከዋይዩዋይ2 ወደ ኤምጄፔግ መቀየር ነው። ያን ጊዜ ካርዷ እያንዳንዱን ፍሬም እንደ ፎቶ አሳንሳ ትልከዋለች፤ 30 ፍሬም ይገባል። የሚከፈል ዋጋ አለ። የሀበሻ ቀሚሱ ጥልፍ ጠርዙ ላይ ትንሽ ይሟሟል። ስልክ ላይ ለምታይ አክስት ግን ልዩነቱ አይታወቅም። ልጁ ሴቲንጉ ሲቀየር አይቶ «በቃ?» አለኝ። በቃ። አዲስ ገዝቶ ስለነበር ያችኛዋን እኔ ጋ ትቷት ሄደ።

እግረ መንገዴን፦ በዚችው ቺፕ ድምፁ ሞኖ ሆኖ፣ ፍጥነቱም 96 ኪሎኸርዝ ተብሎ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ቺፑ ስቴሪዮውን በስህተት ነው የሚያስተዋውቀው። የሠርግ ድምፅ ከሚክሰሩ በሌላ መስመር ማስገባት ለማንኛውም ይሻላል።

«ገመዱ ደህና ነው፣ ፊልም ገልብጬበታለሁ»

ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! አሁን ግን መልሱን ታውቁታላችሁ። ፊልም ሲገለበጥ የተበላሸው ይደገማል። ስለዚህ የደከመ ገመድ ፊልሙን በደህና ያደርሰዋል፣ ትንሽ ቆይቶ። በዚያው ገመድ ላይ ላይቭ ሲሄድ የተበላሸው እንደተበላሸ ይቀራል። ምስሉ ይቀደዳል፣ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ለአፍታ ይቆማል። ገመድን በፍላሽ መፈተን ድልድይን በእግር ተሻግሮ «ሲኖትራክ ይችላል» እንደማለት ነው።

የርዝመቱም ነገር አለ። የ2.0 ገመድ ወሰኑ 5 ሜትር ነው። የ3.0 በተግባር ከ3 ሜትር ካለፈ ያስቸግራል። አዳራሽ ውስጥ ግን ካሜራው መድረኩ ጋ፣ ላፕቶፑ ግድግዳው ጋ ይሆንና በመሐል ኤክስቴንሽን በኤክስቴንሽን ላይ ይቀጠላል። ግልብጡን አድርጉት። ካርዷ ላፕቶፑ አጠገብ ትሁን፣ የሚረዝመው ኤችዲኤምአዩ ይሁን። ደህና ኤችዲኤምአይ ገመድ ሙሉ ኤችዲን 10 ሜትር ያህል ያለ ችግር ይወስዳል። ዩኤስቢውን ማስረዘም ግድ ከሆነ በመሐሉ ሲግናል የሚያድስ፣ የራሱ ማጉያ ያለው ገመድ ይፈለግ።

ሁለተኛዋ ካርድ እኔ ጋ የመጣችው በዚሁ በወንበር ጉዳይ ነው። ሁለት ካሜራ፣ ሁለት ካርድ፣ አንድ ሃብ። አንዷ ትሠራለች፣ ሌላዋ ጥቁር ናት። ቦታ ቢቀያየሩም ቀድማ የተከፈተችው ትሠራለች፣ የዘገየችው ትቀራለች። «አንዷ ሞታለች» ተባለ። የትኛዋ እንደሆነች ግን የሚነግረኝ አጣሁ። እንደምታዩት ሁለቱም ደህና ናቸው። የመጀመሪያዋ አብዛኛውን ወንበር ይዛዋለች። ዊንዶውስ አንዳንዴ «በቂ የዩኤስቢ ሪሶርስ የለም» የሚል መልእክት ያወጣል፤ አንዳንዴ ግን ምንም አይልም።

ባለቤቱ «እሺ፣ 3.0 ሃብ ልግዛ» አለ። አይጠቅመውም። የ3.0 ገመድ ውስጥ ሁለት መንገድ ጎን ለጎን ነው ያለው፣ አሮጌውና አዲሱ። የ2.0 ካርድ የትም ብትሰካ የምትሄደው በአሮጌው ነው። ሃቡ ላይ ያሉ 2.0 ዕቃዎች ሁሉ ያችኑ 480 ይካፈላሉ። አዲሱ መንገድ ባዶውን ተዘርግቶ እነሱ አሮጌው ላይ ይጋፋሉ።

የሚጠቅመው መለያየት ነው። አንዷን በላፕቶፑ ግራ፣ ሌላዋን በቀኝ ሰክቶ መሞከር። ግራና ቀኝም አንዳንዴ ውስጥ ለውስጥ አንድ ናቸው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዕቃዎቹን በግንኙነታቸው የሚዘረዝረውን እይታ ብትመርጡ ማን ከማን ጋር እንደተጎራበተ ይታያል። ዴስክቶፕ ከሆነ የጀርባውን ፖርት ተጠቀሙ። የፊት ለፊቱ በውስጥ ሽቦ ተቀጥሎ የመጣ ነው፣ ለማውዝ ይበቃል።

እውነተኛ 3.0 ካርድ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ቀስ ተብላ ከተሰካች አራቱ የድሮ ንክኪዎች ቀድመው ይነኩና ኮምፒውተሩ ቸኩሎ በ2.0 ይመዘግባታል። ፈጠን አድርጎ፣ እስከ መጨረሻው መሰካት። የነፋንባት ካርድ ስትነሣ አንዳንዴ ምሥጢሩ ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለተኛውን በንዴት ስለሆነ የምንሰካው።

የካሴቱ ነገር

ሦስተኛዋ ካርድ የዴክ ናት፣ ቀይ ነጭ ቢጫ መሰኪያ ያላት። ይዘዋት የመጡት አንዲት እናት ናቸው። የ1987 ዓ.ም የሠርጋቸውን ካሴት ወደ ፍላሽ ለማስገባት ልጃቸው ገዝቶላቸው አልሠራ ብሏል። «ልጄ፣ አንተ ጋ ካልሆነ ልጥለው ነው» አሉኝ። «ኧረ እትዬ፣ ይቆዩ» አልኩ።

ዲቫይስ ማኔጀር ቢጫ ምልክት፣ ኮድ 28። ድራይቨር፣ ዊንዶውስን ከዕቃዋ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር፣ የለም ማለት ነው። ከዕቃዋ ጋር የመጣ ሲዲ አለ፣ ሲዲው ላይ ያለው ድራይቨር ግን «ዕቃው አልተገኘም» ይላል። ምክንያቱ የዚህች ዓይነት ካርድ ቅርፊቷ አንድ ሆኖ ሆዷ የተለያየ ስለሆነ ነው። ኢዚካፕ እየተባለ በሚሸጠው ውስጥ ኤስቲኬ1160 የሚባል ቺፕ ሊኖር ይችላል፣ ዩቲቪ007 ሊሆን ይችላል፣ ኢኤም2860 ወይም ሶማጂክ ሊሆን ይችላል። ሲዲው ለአንዱ ተሠርቶ ከሌላው ጋር ይታሸጋል። ስለዚህ ድራይቨር ከመፈለጋችሁ በፊት የሃርድዌር መለያ ቁጥሯን አንብቡ፤ ድራይቨር የሚፈለገው በዚያ ቁጥር ነው፣ በሳጥኑ ስም አይደለም። ቁጥሩ ተገኝቶም 64 ቢት ዊንዶውስ ፊርማ የሌለውን የድሮ ድራይቨር አልቀበልም ሊል ይችላል።

እኔ ብዙ አልታገልኩም። በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ፣ ኡቡንቱ የሚባል ሊኑክስ ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ ላፕቶፑን ከእሱ አስነሣሁት። ሊኑክስ የኤስቲኬ1160ንም የዩቲቪ007ንም ድራይቨር ከራሱ ጋር ይዞ ነው የሚመጣው። ካርዷ ያለ ሲዲ ተነሣች።

መጀመሪያ ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይንከባለል ነበር። ሴቲንጉ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የሌሎች አገሮች የቲቪ ስልት ላይ ስለነበር ነው። የእኛ አገር ካሴት ፓል ነው፣ በሴኮንድ 25 ፍሬም። ሲቀየር ቀለሙ መጣ። ሐይቁ ዳር ነው የተነሡት። ሙሽራዋ በቬሎ ቆማለች፣ ሚዜዎቹ ጥላ ይዘዋል፣ ከኋላ ደግሞ ከዘጌ እንጨት የጫነ ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፋል። እትዬ ሙሽራዋን ትተው ታንኳውን ነው ያዩት። «ያን ጊዜ እንጨቱ በደንገል ታንኳ ነበር የሚመጣልን» አሉ።

አሁን ወደ ሒሳባችን። የፓል ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው። በ16 ቢት፣ በ25 ፍሬም ስታባዙት 166 ሚሊዮን ቢት ይወጣል። የሠርግ ቀራጩ ልጅ 5 ፍሬም ላይ ያገኘነው ቁጥር ራሱ ነው፣ ቢት ሳይጎድል ሳይተርፍ። ያው አንዱ መንገድ ለካሴት ጎዳና ነው፣ ላልታመቀ ኤችዲ ደግሞ ቀጭን መተላለፊያ። የእትዬ ካርድ የድሮ፣ ርካሽ፣ 2.0 ሆና ሳታምቅ ያለ መንቀርፈፍ የሠራችው ለዚህ ነው። ካሴት ለመገልበጥ ብላችሁ 3.0 ካርድ አትግዙ። ካሴቱ ሲያልቅ እትዬ ካርዷን እዚያው ተዉልኝ፤ «ምን አደርግላታለሁ» ብለው።

ቱ-ዱን፣ ዱ-ቱን

አራተኛዋ የሞተችው ናት። ከመሞቷ በፊት ግን ታማ ነበር፣ ሕመሟንም በጆሮ ነበር የሰማሁት። አባይ ማዶ ግቢ ውስጥ በተጣለ ድንኳን ሥር ላፕቶፑ በየአምስት ደቂቃው «ዱ-ቱን፣ ቱ-ዱን» ይል ነበር። ወጣች፣ ገባች ማለት ነው። ድምፁ ሲወርድ መነቀል ነው፣ ሲወጣ መሰካት። ማንም ሳይነካት እንዲህ የምትል ካርድ በአብዛኛው ኃይል እያጠራት ነው።

የ2.0 ፖርት የሚሰጠው ቢበዛ 500 ሚሊአምፔር ነው። የ3.0 900 ነው። የራሱ ቻርጀር የሌለው 2.0 ሃብ ያችኑ 500 ለራሱም ለእንግዶቹም ነው የሚያካፍላት። እዚያ ሃብ ላይ የነበሩት እንግዶች ደግሞ ማውዝ፣ ሳውንድ ካርድ፣ ፍላሽ፣ ካፕቸር ካርዷ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ቻርጅ የሚደረግ የአንዱ ሚዜ ስልክ! ስልኩን ነቀልኩት። ድምፁ ጠፋ። ሚዜው ግን ተቀየመኝ።

ቀጭን ረጅም ገመድም ያው ነው፤ 5 ቮልቱ መንገድ ላይ ይደክማል። መፍትሔው የራሱ አዳፕተር ያለው ሃብ ነው፣ ወይም ካርዷን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ መሰካት። ሙቀትም አለ። በሚያዝያና በግንቦት የባሕር ዳር ፀሐይ ላይ የተጋለጠች ካርድ ስትነካ ታቃጥላለች፣ ከዚያ ትዘጋለች። ጥላ ውስጥ አድርጓት። ዋየርለስ ማውዛችሁ ወይም የ2.4 ጊጋኸርዝ ማይካችሁ በዚያው ሰዓት ቢያስቸግር መቀበያውን ከ3.0 ገመዱ አርቁት፤ የ3.0 ግንኙነት በዚያ ሞገድ ላይ እንደሚረብሽ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ጽፎበታል።

ሌላው ሌባ ዊንዶውስ ነው። ሙሽሮቹ እስኪመጡ ለሁለት ሰዓት ሥራ ፈትታ የተቀመጠችን ካርድ ባትሪ ልቆጥብ ብሎ ያስተኛታል። ስትፈለግ ሁልጊዜ በጊዜ አትነቃም። ፓወር ኦፕሽን ውስጥ ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ የሚለውን አጥፉት። በባትሪ ላይ ያለውንም፣ በመብራት ላይ ያለውንም። መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ ወደ ባትሪ ሲዞር ሌላኛው ሴቲንግ ነው የሚሠራው፤ ይህን የምንረሳ ብዙዎች ነን።

ወደ አራተኛዋ ልመለስ። ከድንኳኑ ሁለት ሳምንት በኋላ አንድ አዳራሽ ውስጥ መብራት ጠፋ። ጀነሬተር ተነሣ። ካሜራው ከአንድ ግድግዳ፣ ላፕቶፑ ከሌላ ግድግዳ ነበር የተሰካው። ባለቤቱ ሁሉም ዕቃ እንደበራ ኤችዲኤምአዩን ሊሰካ ሲል ብልጭ አለ፣ እጁንም ነዘረው። ኧርዝ የሌለው ሶኬት ላይ የተሰኩ ሁለት ዕቃዎች አካላቸው ላይ የተለያየ ቮልት ሊቀመጥ ይችላል። ገመዱ ሲነካ ልዩነቱ በገመዱ ውስጥ ይፈስሳል። መሐል ላይ ያለችው ካርዷ ናት። ከዚያ ወዲህ ባየኋት ኮምፒውተር ሁሉ ኮድ 43 ነው የምትለው፣ ስሟም «ያልታወቀ ዩኤስቢ ዕቃ» ሆኗል።

ኮድ 43 ብቻውን ግን ሞት አይደለም። የጠገበ ፖርትም እንዲህ ይላል። ላፕቶፑን ሪስታርት አድርጉ። ሸት ዳውን ሳይሆን ሪስታርት፤ ዊንዶውስ ሸት ዳውን ሲባል ብዙ ጊዜ ግማሹን አስታውሶ ነው የሚተኛው። ሌላ ፖርት፣ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ኮምፒውተር ሞክሩ። በሁሉም ላይ ያው ካለች ያኔ አልቅሱ። እኔ ይችኛዋን ከፈትኳት። ቺፑ ጥግ ላይ ሰሊጥ የምታክል ጥቁር ነጥብ አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ኤክስቴንሽን ነው የምሰካው። ኤችዲኤምአይና ዩኤስቢውን አስቀድሜ አገናኛለሁ፣ ኃይል በኋላ ነው። ካሜራው በባትሪው ይሠራል። ጀልባ ተሳፍሬ ዘጌ ለሥራ ስሄድ ደግሞ ሮጦ የሚገዛበት ሱቅ ስለሌለ አንድ አጭር ገመድና አዳፕተር ያለው ሃብ ከቦርሳዬ አይወጡም። የላፕቶፔ ጎን ላይ ደህና የሆነውን ፖርት በቀይ ጥፍር ቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ጥፍር ቀለሙ የባለቤቴ ነው፣ እስካሁን አልነቃችም።

የአራተኛዋ ካርድ ባለቤት አዲስ ገዛ። ባለፈው ቅዳሜ ደወለልኝ። ከጀርባው የእልልታ ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አዲሷም አትታይም!»

«የት ነው የሰካሃት?»

ዝም አለ። «ሃቡ ላይ።»

«የትኛው ሃብ?»

አሁንም ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ነገር ሲነቀል ተሰማኝ። ሲሰካ ተሰማኝ። ቱ-ዱን።